የመቅደላ መንገድ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንትና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ዋድላ፣ ከዚያም ወደ ደላንታ በመኪና የሚጓዝ ሰው ሁለት ታላላቅ ገደሎች ይጠብቁታል፤ ይኸውም የጅጣና የበሽሎ ናቸው። ሁለቱም ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ጥልቀት አላቸው። ከደላንታ አፋፍ ላይ ሆኖ ከበሽሎ ማዶ ለሚመለከት ሰው የፋላ፣ የሥላሴና የመቅደላ አምቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። የዛሬው መንገድ በሁሉም ሥፍራ የቀድሞውን ፈለግ ባይከተልም የሚሻገራቸው ገደሎች ግን እነዚያው ናቸው።

ስለ መቅደላ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ፍጻሜ ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከምሽጉ ይልቅ መንገዱ የበለጠ ያስተምራል።

ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ ግዛታቸው እጅግ ጠብቦ ነበር። የበጌምድር ገበሬ በዘረፋውና በቅጣቱ ብዛት ሸፍቶባቸው ስለ ነበር መንገዱን የሚሠራላቸው ከራሳቸው ሠራዊት በቀር አልነበረም። ይህ ሠራዊት ነው እንግዲህ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎች ጋፋት ላይ ያቀለጡትን፣ ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ እየጎተተ፣ ዓለቱን እየፈለጠ፣ ጥምዝምዙን እየጠረገ ሁለቱን ገደሎች ወርዶ የወጣው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በሥራው መካከል ሆነው ድንጋይ ይፈነቅሉ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው፤ ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው።

የታሪኩ መራራ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። በዙላ ወደብ የወረደው የጄኔራል ናፒየር ጦር ዋድላ ላይ ሲደርስ ይህንኑ መንገድ ተጠርጎ አገኘው። የጅጣንም የበሽሎንም ገደል የተሻገረው በቴዎድሮስ ጥርጊያ ነበር፤ ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖችም ከባድ መድፎቹን ተሸክመው ተከተሉት። የእንግሊዝ መኮንኖች የመንገዱን አሠራር በጽሑፎቻቸው ማድነቃቸው አልቀረም። የጠረገው ሠራዊት ግን ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተፈታ።

መምህሩ ከፍታን የሚያሳይ የወሎና የበጌምድር ካርታ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ «7 ቶን ክብደት በየት በኩል ታሳልፋላችሁ?» ብሎ ተማሪዎቹን ቢጠይቅ የታሪክና የጂኦግራፊ ትምህርት ባንድ ክፍለ ጊዜ ይገናኛሉ። ምሽጉን የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ በሮቹን በባሩድ አፍርሶ ቤቶቹን አቃጥሏል። ሴባስቶፖል ግን ከአምባው ላይ አልወረደም።