በአስመራ መንገድ ጫፍ የቆሙት ጆሮዎች

በንጉሡ ዘመን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ሲና፣ በካራቆሬ፣ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻና በደሴ የሚያልፈው መንገድ መጨረሻው አስመራ ነበር። ከ1965 እስከ 1975 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ጫፍ ሁለት ግዙፍ ዲሾች ወደ ሰማይ አንጋጠው ኖረዋል። የአንዱ ስፋት 26 ሜትር፣ የሌላው 46 ሜትር ነበር። አሜሪካኖች «ስቶንሃውስ» ይሉት የነበረ፣ በቃኘው ጣቢያ ሥር የነበረ የሚስጥር ተቋም ነው። ሥራው ሶቪየት ኅብረት ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የላከቻቸው መንኮራኩሮች የሚያስተላልፉትን መልእክት መጥለፍ ነበር።

ለምን አስመራ ተመረጠች? የሶቪየት መንኮራኩሮች የሚናገሩት በአብዛኛው ክራይሚያ ያለው የራሳቸው ጣቢያ ሊያያቸው በሚችልበት ሰዓት ነው። አስመራ ደግሞ ለክራይሚያ በኬንትሮስ ቅርብ ናት፤ ሞስኮ ስትሰማ አስመራም ትሰማለች። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑም አልጎዳም። እንግዲህ የጠፈር ፉክክር ሲጋጋል ከዓለም ትልልቅ ጆሮዎች አንዱ የኢትዮጵያ ባንዲራ በሚውለበለብበት ምድር ላይ ነበር። ኢትዮጵያዊ ግን በሪሲቨሩ አጠገብ አልነበረም።

ሪሲቨር ስል አንባቢ ሳሎኑ ውስጥ ያለችውን ሳጥን ቢያስብ አልተሳሳተም፤ ነገሩ አንድ ዘር ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ የሰበሰበውን ደካማ ሞገድ ጫፉ ላይ ያለችው ኤልኤንቢ ታጎላዋለች፣ ዝቅ አድርጋም ወደ ቤት ትልካለች። የራዲዮ ቴሌስኮፕም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ከጋላክሲ የሚመጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ከመሆኑ የተነሳ የማጉያው የራሱ ሙቀት እንኳ ስለሚያውከው ከዜሮ በታች ወደ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ማቀዝቀዝ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። በየዓመቱ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ቀን ላይ ቴሌቪዥናችሁ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆራረጠው ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ነው። ያን ጊዜ ዲሻችሁ ሳያውቅ የራዲዮ ቴሌስኮፕ ሆኗል፤ የፀሐይን ጩኸት እየሰማ ነው።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ማቀድ ረጅም ሥራ ነው። የሚደመጠው ሞገድ ይመረጣል፤ አካባቢው በሞባይል ምሰሶና በራዳር የተረበሸ መሆኑ አስቀድሞ ይለካል፤ ማጉያው በቤተ ሙከራ ይፈተሻል፤ ዲሹ ላይ ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ አስቀድሞ ወደሚታወቅ የሰማይ ምንጭ ይዞራል፤ የተለካው ከሚታወቀው ካልገጠመ ተፈትቶ እንደገና ይጀመራል። ዕውቀት የሚቀረው በዚህ የመፍታትና የመግጠም ጊዜ ነው። ዲሹ ብረት ነው።

በ1953 ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው ስምምነት ቃኘውን ለ25 ዓመት ስንሰጥ በምላሹ የወሰድነው የጦር መሣሪያና የጦር ሥልጠና ነበር። ለዘመኑ ባለሥልጣናት ይህ ጥሩ ዋጋ መስሏቸው ይሆናል፤ እኔ ግን ርካሽ ሽያጭ ነበር እላለሁ። ማወዳደሪያው ሩቅ አይደለም። ናሳ በ1961 በደቡብ አፍሪካ ሃርትቢስትሁክ በተባለ ሸለቆ የራሱን 26 ሜትር ዲሽ ተከለ። በ1965 ማሪነር 4 ከማርስ የላከቻቸው ምስሎች በእሱም በኩል መጥተዋል። ናሳ ሲወጣ ደቡብ አፍሪካ ዲሹን ተረክባ በ1975 የራዲዮ ሥነ ፈለክ ተቋም አደረገችው። በዚያው ዓመት ስቶንሃውስ ተዘጋ። ቃኘው ራሱ በ1977 በደርግ ትእዛዝ ሲዘጋ ለዩኒቨርሲቲያችን የተላለፈ የጠፈር ጆሮ አልነበረም። እርግጥ ነው ጦርነት ነበር፣ አብዮት ነበር፣ ኤርትራ ውስጥ ጥይት ይጮህ ነበር። ግን የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካም ሰላም የሰፈነባት አገር አልነበረችም፤ እነሱ ሠራተኛ አሠልጥነው ጠበቁ።

እኛም የተለየ ነገር ሞክረን ነበር፤ እሱ የሚገባውን ያህል አይወራለትም። ዓለም አቀፉን የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1957 አባ ፒየር ጉዌን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ቄስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ አቋቋሙ። ምክንያቱ የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአገራችን ላይ ማለፉ ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1961 ከከሚሴ ደቡብ፣ በካራቆሬ ምድር ተንቀጠቀጠች። ማጀቴ ወደመች፤ ያ የአስመራ መንገድ ተሰነጣጠቀ። ጉዌን ጉዳዩን አጠኑ፤ በኋላም የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሰባሰቡ። በአንድ መንገድ ጫፍ የተተከለው ግዙፍ መሣሪያ ለሌሎች ሰማይ ሰምቶ ሄደ፤ በሌላው ጫፍ የተተከለው ትንሹ የማጀቴንና የካራቆሬን ነገር አቆየልን። ጣቢያው ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ።

አሁን ወደ ዛሬ። በ1981 የተሠራው የጋናው ኩንቱንሴ የ32 ሜትር የስልክ ዲሽ የባሕር ገመድ ሲመጣ ሥራ ፈታ። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆነው አዲስ ሪሲቨር ገጠሙለት፤ በ2017 በሰማይ ያለ የሜታኖል ጨረርና ፑልሳር መስማቱ ተነገረ። በእኛም አገር በሱሉልታ በ1979 የተመረቀ የሳተላይት ጣቢያ አለ። የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በአህጉሩ ሊለወጡ የሚችሉ ትልልቅ ዲሾችን ሲዘረዝሩ ሱሉልታም ተቆጥራለች፤ በመረቡ ከደቡብ አፍሪካ ጋር በአጋርነት ከተሰለፉት ስምንት አገሮች መካከል ግን ኢትዮጵያ የለችም። የእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች በ2015 ሲመረቁ የተደሰትነው በትክክል ነው፤ ግን በክረምት ደመና ይከድናቸዋል። የራዲዮ ሞገድ ደመናን ያልፋል፣ ቀንም ይሠራል።

የሱሉልታው ዲሽ ምን ላይ እንዳለ የሚመለከታቸው ክፍሎች መርምረው ለሕዝብ ይንገሩ። እስከዚያ ግን ዲሽ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። በጋላክሲያችን የተበተነው ሃይድሮጅን በ1,420 ሜጋኸርዝ ይናገራል፤ በሌላው ዓለም ተማሪዎች ከቆርቆሮ በተሠራ ቀንድ፣ በርካሽ ማጉያና ኮምፒውተር ላይ በምትሰካ ትንሽ የቴሌቪዥን መቀበያ ይሰሙታል። ከከሚሴ ወደ ሰሜን ትንሽ ሲኬድ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ለረመዳን ጨረቃን በዓይኑ ሲጠብቅ የኖረ አገር ልጅ፣ ከከሚሴ ገበያ ዲሽ ገጣሚ ጋር ሆኖ፣ በአንድ ሴሚስተር ሊሠራው የሚችል ነገር ነው።