ሐረማያን ማን በምን ያስታውሰዋል?

ወገኖቼ፣ የሐረርጌ ሰው ታክሲዬ ውስጥ ሲገባ ከአገር የወጣበትን ዘመን በሐረማያ ሐይቅ አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ የወጣው ስለ ውሃው ያወራል። ከ2004 እ.ኤ.አ. በኋላ የወጣው ግን የሚያውቀው ከብት የሚግጥበትን ሜዳ ነው። ሁለቱም አልዋሹም።

ሐይቁ ለአሥርት ዓመታት ሐረር ከተማን አጠጥቷል። በዙሪያው ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት አለማ። ከተራቆተው ኮረብታ የወረደ ደለል ደግሞ ከሥር ሞላው። በመጨረሻ ደረቀ፤ ሐረርም ውሃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላ ወደ ደጋ በፓምፕ እያስገፋች መጠጣት ጀመረች።

"ዝናብ ጠፍቶ ነው" ብሎ ነገሩን የሚዘጋ አለ። ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ከሚገባው በላይ ሲቀዳ ነው የኖረው። ገበሬው ላይ ብቻ መፍረድም ይከብደኛል። ጫት ከማሽላ ይሻለዋል፣ ልጆቹን ያስተምርበታል። ገዢው ማን ሆነና? ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጦ "ወይኔ ሐረማያ!" የሚለውስ?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል፣ ደስ ይላል። ጫቱም ግን እዚያው ነው። የድሮውን ስፋት በዓይናቸው ያዩ አባቶች ደግሞ አንድ በአንድ እያለፉብን ነው። ዳርቻው እስከ የት እንደነበር የምታውቁ፣ ዓመቱን ጨምራችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።