የመሣሪያና የሊኑክስ ስምምነት፦ ከሄልሲንኪ እስከ ጉኑኖ

በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉኑኖ ለቤቱ ኮምፒዩተር የሚሻ ሰው፥ ዕቃውን መርጦ ለመግዛት ወደ ሶዶ ወይም ወደ አዲስ አበባ መውጣቱ የተለመደ ነው። መሣሪያው ቤት ከደረሰ በኋላ ከሊኑክስ ጋር የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ፥ ለመመለስ ድካሙም ወጪውም ቀላል አይሆንም። ስለዚህ የስምምነትን ምንነት ከታሪኩ መረዳት ይጠቅማል።

አይ.ቢ.ኤም. በነሐሴ 1973 ዓ.ም. የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ፥ የውስጥ አሠራሩን የሚያብራራ ቴክኒካዊ መጽሐፍም አቀረበ። በዚህም ምክንያት ኮምፓክን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ከ1975 ዓ.ም. አንሥቶ «ተስማሚ» የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ለመሥራት መንገድ አገኙ። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን የጀመረው ከእነዚሁ በአንዱ፥ ባለ 386 ፕሮሰሰር በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ነው። በነሐሴ 1983 ዓ.ም.፥ ማለትም ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ሳይሞላ፥ ሥራውን ሲያስታውቅ፥ ፕሮግራሙ እርሱ ዘንድ ካለው የሃርድ ዲስክ ዓይነት በቀር ሌላውን እንደማይደግፍ ገልጾ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሊኑክስ ዕድገት ይህንኑ ሥርዓት ተከተለ፤ ይኸውም አንድ የመሣሪያ ክፍል የሚሠራለት፥ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ድራይቨር ሲጽፍለት ብቻ ነው። አምራቾች ምስጢራቸውን በደበቁባቸው ክፍሎች፥ በተለይም በዋይፋይና በግራፊክስ ቺፖች፥ ተጠቃሚዎች ለብዙ ዓመታት ተቸገሩ። ኤ.ኤም.ዲ. በ2000 ዓ.ም. መባቻ የግራፊክስ ቺፖቹን ሰነዶች መግለጥ ሲጀምር፥ ብሮድኮም ደግሞ በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ለአዳዲስ የዋይፋይ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር አወጣ።

በኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ይገኛል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ በምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት በሺህ የሚቆጠሩ ኤክስ.ኦ. የተባሉ ትናንሽ ላፕቶፖች ለተማሪዎች ታደሉ። እነዚህ ከመነሻው ለሊኑክስ የተሠሩ ስለነበሩ፥ ተጠቃሚው ድራይቨር ፍለጋ አልወጣም። ሆኖም የዋይፋያቸው ቺፕ ፈርምዌር ክፍት አልነበረም።

ስምምነት ዘላለማዊም አይደለም። ሊኑክስ የተወለደበት 386 ፕሮሰሰር በየካቲት 2005 ዓ.ም. ከወጣው 3.8 እትም ጀምሮ ድጋፉን አጥቷል። በሌላ በኩል የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፥ ገና ያልደከሙ ብዙ ኮምፒዩተሮች በሊኑክስ ዕድሜያቸውን ሊያራዝሙ ይችላሉ።

እንግዲህ ገዢው ሊመረምር የሚገባው በክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ስም ሳይሆን የውስጡን ቺፕ ነው፤ አንዱ ሞዴል በተለያየ ጊዜ የተለያየ የዋይፋይ ቺፕ ሊይዝ ይችላልና። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት፥ ሜሞሪውም ከ4 ጊጋባይት ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል። መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ደኅና ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሊኑክስን ከፍላሽ አስነሥቶ ዋይፋዩን፥ ድምፁን፥ የስክሪኑን ብርሃንና ተኝቶ መነሣቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ መፈተን ይገባል። የዋይፋዩ ፈርምዌር ከጎደለ የሚገኘው ከኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚፈለገው በዚያው ዋይፋይ ነው። ይህን ቋጠሮ ስልክን በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ አገናኝቶ መፍታት ቢቻልም፥ ጉኑኖ ከመድረስ በፊት ሶዶ ላይ ማወቁ ይበልጣል።