የጀርመን ማውዘር ጠመንጃ በኢትዮጵያ

ማውዘር ወንድማማቾቹ ቪልሄልምና ፓውል ማውዘር በደቡብ ጀርመን ኦበርንዶርፍ ከተማ ካቋቋሙት ፋብሪካ ስሙን ያገኘ፣ በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮስ የጠመንጃ ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ የጀርመንና የቤልጅግ ሥራ የሆኑ ማውዘሮች በዘውዱ ዘመን ሠራዊትና በአርበኞች እጅ ያገለገሉ ሲሆን፣ ዛሬ የታሪክ ቅርስና የሰብሳቢዎች መፈለጊያ ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዓይነቶች

ዋነኞቹ የጀርመን ጦር ሞዴሎች ሁለት ናቸው። ጌቬር 98 በ1898 የተመረጠ፣ የአፈሙዙ ርዝመት 740 ሚሊሜትር የሆነ ረጅም ጠመንጃ ነው። ካራቢነር 98 ኩርዝ («ኩርዝ» አጭር ማለት ነው) ደግሞ በ1935 የወጣ፣ 600 ሚሊሜትር አፈሙዝ ያለው ነው። ሁለቱም 7.92 × 57 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳሉ፤ ካዝናቸውም 5 ጥይት ይይዛል።

ከእነዚህ ጋር የሚምታታው የ1888ቱ ጠመንጃ የጀርመን ጦር ኮሚሽን ንድፍ እንጂ የማውዘር አይደለም። ይህ ጠመንጃ መጀመሪያ የተሠራው ለ8.08 ሚሊሜትር አረር ሲሆን፣ በ1905 የመጣው አዲስ ጥይት 8.20 ሚሊሜትር አረርና ከፍ ያለ ግፊት አለው። ስለዚህ የኋለኛውን ጥይት ባልተቀየረ አሮጌ ጠመንጃ መተኮስ አደገኛ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ አመጣጥ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል ጀርመን የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ እንዳትልክ ስለከለከላት፣ በቤልጅግ ኤርስታል የሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ የማውዘርን ንድፍ እየሠራ ለብዙ አገሮች ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያም ገዥ ነበረች፤ «ቤልጅግ» የሚለው የጠመንጃ ስም ከዚሁ ይመጣል። ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የተሠሩ አንዳንድ ማውዘሮች በጥይት ክፍላቸው አናት ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት አላቸው።

በ1935 ደግሞ የናዚ ጀርመን መንግሥት በኦስትሪያ ጉዳይ ከሙሶሊኒ ጋር ስለተቃቃረ ለኢትዮጵያ በስውር የጦር መሣሪያ ልኳል።

ኦሪጅናልነትን መለየት

የጀርመን ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ መለያ ቁጥሩ በአፈሙዙና በዋናው አካሉ ላይ ይመታል፤ የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዞች ደግሞ በማቀባበያውና በትናንሽ ክፍሎቹ ላይ ይደገማሉ። ቁጥሩ በየፋብሪካው በየዓመቱ እንደገና ስለሚጀምር ብቻውን አይበቃም፤ ከፋብሪካው መለያ፣ ከዓመቱና ከቁጥሩ በታች ካለው ፊደል ጋር መነበብ አለበት። ለምሳሌ በ98 ኩርዝ ላይ «ቢ ዋይ ኤፍ» የሚሉት የላቲን ፊደላት የኦበርንዶርፍ ማውዘር የጦርነት ዘመን መለያ ናቸው።

በተለይ የሚታዩት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የክፍሎቹ ቁጥር አለመመሳሰል፦ ጠመንጃው በመጋዘን ወይም በጥገና መቀላቀሉን ያሳያል።
• በኤሌክትሪክ ብዕር የተጫረ ቁጥር፦ የጀርመን ፋብሪካ ሳይሆን የሶቭየት መጋዘኖች ከጦርነቱ በኋላ የማረኩትን ሲጠግኑ ያደረጉት ነው።
• የደበዘዘ ማኅተም ያለበትና ከብረቱ ዝቅ ያለ እንጨት፦ ሰደፉ ተፍቋል ማለት ነው።
• በአዲስ ቀለም የተሸፈነ የዝገት ጉድጓድ፦ ብረቱ በኋላ ዘመን ዳግም ተቀብቷል።

በኢትዮጵያ የቆየ ጠመንጃ ግን በዚህ መመዘኛ ብቻ ሲለካ ይበደላል። የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ወይም በቆርቆሮ ተጠግኖ፣ የጠፋ ክፍል ከሌላ ጠመንጃ ተተክቶ ይገኛል። ለጀርመን ዕቃ ሰብሳቢ ይህ ዋጋ የሚቀንስ ጉድለት ነው፤ ለታሪክ አጥኚ ግን ጠመንጃው በባለቤቶቹ እጅ የኖረበት ማስረጃ ነው። «ለማሳመር» ተብሎ ጠፍሩ ሲፈታና እንጨቱ ሲፋቅ ያ ማስረጃ አይመለስም።

የዛሬ ሁኔታ

ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመጋዘን የነበሩ አሮጌ የኢትዮጵያ ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ከእነዚህም መካከል ጌቬር 98ና የቤልጅግ ማውዘሮች ይገኛሉ። አንድ ጠመንጃ ከአገር ሲወጣ የማን እንደነበረና የት እንደዋለ የሚያውቁት ሰዎች ቃል አብሮት ስለማይሄድ፣ ቁጥሩንና የባለቤቱን ታሪክ አስቀድሞ መመዝገብ ጠቃሚ ነው።

በአገር ውስጥ የጦር መሣሪያ መያዝ የሚገዛው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ዓ.ም.) ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስቀጣል።