የሚዞር ድንጋይ ለምን ይቆማል?

አጎቴ ከእንጦጦ ጋራ ሥር፥ በየካ ክፍለ ከተማ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚባለው ሰፈር ቢላና መቀስ እየሞረዱ ይኖራሉ። ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው አፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መልእክተኞች መሬት ከሰጡ ወዲህ ነው። አጎቴ መሞረጃውን በእግራቸው እየረገጡ ሲያዞሩ ይውላሉ። ማታ እግራቸውን በሙቅ ውኃ ነክረው «ድንጋዩ አርጅቷል፤ ጥቂት ዞሮ ይቆማል፤ አዲስ ሳልገዛ አይቀርም» ይሉ ነበር። ለመግዣ ያሰቡት ገንዘብ ግን ለልጃቸው ደብተርና ጫማ የተቀመጠ ነበረ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ድንጋዩን የሚያቆመው ሰበቃ ነው። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ (1452–1519) የሰበቃው ኃይል የክብደቱ ሩብ ነው ብሎ በማስታወሻው ጻፈ፤ ነገር ግን ሳያሳትመው ሞተ። በ1699 ደግሞ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ሲሶ ነው አለ። ሁለቱም ለዕቃ ሁሉ አንድ ቁጥር ይበቃል ማለታቸው ስሕተት ቢሆንም፥ ሰበቃ ከክብደት ጋር እንደሚያድግ አስተውለዋል። (ዓመታቱ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያጠራው ሌላው ፈረንሳዊ ሻርል ኦጉስተን ኩሎም ነው። ይህ ሰው መሐንዲስና ወታደር ነበረ፤ በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲሠራ ጤናውን አጥቶ ተመለሰ። ኋላ በሮሽፎር ወደብ እንጨትና ብረትን፥ ደረቁንና ሞራ የተቀባውን፥ እያንሸራተተ መረመረ። በ1781 የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ ሸለመው፤ ያን ጊዜ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነበረ። ካገኛቸው ነገሮች ለእኔ የጠቀመኝ፥ የሚንሸራተት ዕቃ ሰበቃ በፍጥነቱ ብዙ አይለወጥም የሚለው ነው። እንዲህ ከሆነ ድንጋዩ ፍጥነቱን በእኩል እየቀነሰ ይቆማል፤ መነሻ ፍጥነቱም የአማካዩ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

አንድ እሑድ ጠፍሩን ፈትቼ፥ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ አዞርሁት። በ6 ሰከንድ 6 ጊዜ ዞሮ ቆመ። አማካዩ በሰከንድ 1 ዙር ስለሆነ መነሻው 2 ዙር ነው፤ ይህም በራዲያን 12.57 ይሆናል። የድንጋዩ ራዲየስ 0.15 ሜትር፥ የብረት ዘንጉ ደግሞ 0.01 ሜትር ነው። 12.57ን በ0.15 ካሬ አባዝቼ፥ ለ2፥ ለመሬት ስበት 9.8፥ ለዘንጉ ራዲየስና ለ6 ሰከንድ ባካፍለው የሰበቃው ቁጥር 0.24 ሆነ። ሚዛን አላስፈለገኝም፤ የሚያዘገየውም ሰበቃ ሆነ ድንጋዩ መዞሩን ላለመተው የሚታገለው በክብደቱ ልክ ስለሆነ፥ ክብደቱ ከሒሳቡ ይወጣል። ይህን ሳይ እጅግ ደስ አለኝ።

0.24 ለደረቅ ብረት የሚስማማ ቁጥር ነው። እንግዲያው ጥፋቱ የድንጋዩ አልነበረም። ዘንጉን አውጥቼ የደረቀውን ጭቃ ጠርጌ ግራሶ ቀባሁት። በዚያው ፍጥነት ባስነሣው 18 ዙር ዞሮ በ18 ሰከንድ ቆመ፤ ቁጥሩም 0.08 ሆነ።

ሒሳቡን ለአጎቴ ላሳያቸው ደብተሬን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ረግጠው እስኪቆም ድረስ ዝም ብለው ተመለከቱና፥ «አንተ ልጅ፥ ግራሶው ስንት ነው?» አሉኝ።