ዲኤስኤል በአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች

ዲኤስኤል በነባሩ የመዳብ የስልክ ሽቦ ፈጣን ኢንተርኔት የሚያደርስ ቴክኖሎጂ ነው። ድምፅ የሚይዘው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው፤ ኤዲኤስኤል የተባለው ዋነኛ ዓይነት ከዚያ በላይ፣ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ያለውን ክፍት ሞገድ ለመረጃ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ስልክ እያወሩ ኢንተርኔት መክፈት ይቻላል። ደካማ ጎኑ ርቀት ነው፦ ቤቱ ከስልክ ማዕከሉ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከራቀ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል።

ፉክክሩ የጀመረው ገበያ ሳይደርስ ነው። ሲኤፒ እና ዲኤምቲ የተባሉ ሁለት የሞገድ አሠራሮች ተፋጠጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የስልክ ኩባንያዎቹ የምርምር ተቋም ቤልኮር ባካሄደው ፍተሻ ዲኤምቲ በለጠ። በ1996 የስልክ ኩባንያዎቹ አሜሪቴክ፣ ቤልሳውዝ፣ ኤስቢሲ እና ፓሲፊክ ቤል በአንድነት ባካሄዱት የመሣሪያ ግዥ የፈረንሳዩን አልካቴል መረጡ። በአቅራቢዎች መካከል የኃይል ሚዛኑን የለወጠው፣ ከቴክኒክ ክርክሩ ሁሉ ይልቅ፣ ይህ ውል ነው ማለት ይቻላል። በ1997 ደግሞ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የዲኤምቲ ፈር ቀዳጁን አማቲን በ395 ሚሊዮን ዶላር ገዛ።

የነባሮቹን የስልክ ኩባንያዎች ሽቦ ተከራይተው ወደ ገበያው የገቡት ኖርዝፖይንት፣ ሪዝምስ እና ኮቫድ በ2001 ሦስቱም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ፤ ከኪሳራው ወጥቶ ሥራውን የቀጠለው ኮቫድ ብቻ ነው።