400 ጭንቅላት ያለው አጽም

በ1993 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሁለት ፊልሞች ወጡ። አንዱ «ጁራሲክ ፓርክ» ነው፤ በኮምፒውተር የተሠሩ ዳይኖሰሮች በሕይወት እንዳሉ ሆነው ሲሮጡ ዓለም ጉድ አለ። ሌላው «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» የተባለ፣ በአሻንጉሊት የተሠራ የሙዚቃ ፊልም ነው። ጃክ የተባለ አጽም ሰው ማስፈራራት ይሰለቸውና የገና አባትን አስጠልፎ በዓሉን ራሱ ሊያከብር ይነሳል። የሚያድለው ስጦታ ግን ልጆቹን በጩኸት ያስሮጣል።

በጊዜው ብዙዎች የአሻንጉሊት አኒሜሽን አበቃለት ብለው ነበር። እውነት አብቅቶለት ነበር? እስቲ አሠራሩን እንየው።

ዘዴው ስቶፕ ሞሽን ይባላል። አሻንጉሊቱን ትንሽ ታንቀሳቅሳላችሁ፣ አንድ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ደግሞ ታንቀሳቅሳላችሁ። ለአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያስፈልጋል። ፊልሙ 76 ደቂቃ ነው፤ በ60፣ ከዚያም በ24 አባዙት፦ 109,440 ምስል! ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሥራው ሦስት ዓመት ገደማ የፈጀው ለዚህ ነው።

አሻንጉሊቱ ውስጥ የብረት አጽም አለ፤ መገጣጠሚያዎቹ እንደ ትከሻችን በየአቅጣጫው ይዞራሉ። ቁም ነገሩ ሰበቃው ላይ ነው። መገጣጠሚያው ከላላ አሻንጉሊቱ ይዘነበላል፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ሲገፉት ከሚፈለገው ቦታ ያልፋል።

ጃክ ሲናገርና ሲዘፍን ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ ጭንቅላቱ በሌላ ይተካል። 400 ያህል ጭንቅላት ተሠርቶለታል። ሳሊ ግን ረጅም ፀጉር ስላላት፣ ፀጉሯ እንዳይረበሽ ፊቷ ብቻ እንደ ጭንብል ይቀየራል። ይህም አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የሃንጋሪ ተወላጁ ጆርጅ ፓል በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በእንጨት አሻንጉሊቶች ይሠራበት ነበር።

የታሪኩ መነሻ ቲም በርተን በ1982 ዲዝኒ ሲሠራ የጻፈው ግጥም ነው። ብዙ ሰው ዳይሬክተሩም እሱ ይመስለዋል፤ ዳይሬክተሩ ግን ሄንሪ ሴሊክ ነው። ዳኒ ኤልፍማን ዘፈኖቹን የደረሰው ስክሪፕቱ ሳይጻፍ ነበር። ዲዝኒም ፊልሙ ለልጆች ይከብዳል ብሎ ስለሰጋ ተችስቶን በተባለው ስሙ አወጣው።

አሁን ወደ ዳይኖሰሮቹ እንመለስ። መጀመሪያ የታሰበው ፊል ቲፔት በአሻንጉሊት እንዲያንቀሳቅሳቸው ነበር። ኮምፒውተሩ ቦታውን ሲወስድበት ቲፔት ከሥራው አልወጣም። ቡድኑ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ሴንሰር ያለው የብረት አጽም ተጠቀመ፤ አኒሜተሩ በእጁ ሲያንቀሳቅሰው ኮምፒውተሩ ማዕዘኖቹን ይመዘግባል። እንስሳው ክብደቱን ከእግር ወደ እግር እንዴት እንደሚያዛውር የሚያውቁት እነዚያው የአሻንጉሊት ባለሙያዎች ነበሩ። ሁለቱ ፊልሞች ለቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ተወዳድረው «ጁራሲክ ፓርክ» ሲያሸንፍ፣ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ቲፔት ነበር።

ሴሊክም በ2009 በወጣው «ኮራላይን» ፊልሙ ተለዋጭ ፊቶቹን በ3ዲ ፕሪንተር አሠራ። ይቀብረዋል የተባለው ኮምፒውተር የአሻንጉሊቱ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

የጃክ ፊልም በ2023 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ገብቷል። ውበቱ የሚመስለኝ እዚህ ላይ ነው፦ ጃክ በእርግጥ የነበረ፣ ክብደት ያለው፣ መብራት ጥላውን የጣለበት ዕቃ ነው። እያንዳንዷን እርምጃ የሰው ጣት ነክቷታል፤ ዓይናችንም ይህን ሳይነገረው ያውቃል።